የሻቄድ ካናቴራ

እንጉዳይዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ካርዷ ጠባብ ናትና የዛሬውን ጠዋት ብቻ ልንገርሽ።

የእህቴ የይርገዱ የልጅ ልጅ ሻቄድ፣ እስካሁን መድኃኒት ያልተገኘለት፣ ስንት ሐኪም የማያውቀው በሽታ አለባት። ለምርምሩ ገንዘብ እንዲሰበሰብ ዛሬ የከተማቸው የገዴራ ሰው ሮጠላት። እኔም ካረፍኩበት ከጎረቤቱ ከተማ ከያቭነ ለብቻዬ በአውቶቡስ መጣሁ። ስወርድ አደባባዩን የሞላው ሰው ሁሉ የልጅቷን ፎቶ በካናቴራ ለብሷል። እኛ ጎንደር የሰው ፎቶ መቼ እንደምንለብስ ታውቂያለሽ። ያለፈች መሰለኝ! ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ “ወይኔ ልጄን!” እያልኩ ጮህኩ።

ሙዚቃው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ አብሮኝ ያለቀሰ ግን አንድም የለም። አገር ቤት ቢሆን ገና አፌን ስከፍት ትደግፊኝ ነበር።

ከዚያ ይርገዱ ሻቄድን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ልጅቷ አየችኝና በዕብራይስጥ አንድ ነገር ጠየቀች።

“ምን አለች?” አልኩ።

“‘ማን ነው የሞተው?’ ነው የምትለው” አለችኝ ይርገዱ፣ ወንበሩን እያዞረች። አንዱ “ያላ!”፣ በሉ እንሂድ ማለት ነው፣ ሲል ሁሉም ሮጡ። እኔ ዛፍ ሥር ለብቻዬ ቀረሁ።

ቦታ አለቀብኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱንም ሰላም በይልኝ። ለእኔም አንድ ካናቴራ ሰጥተውኛል። ስመጣ ለብሼው ብታዪኝ አደራሽን እንዳትጮኺ፤ መጀመሪያ “ሻቄድ እንዴት ናት?” በይኝ።

የሺዓለም