ስለ ሁለቱ ሰንጋዎች፣ ስለ ኬላው እና ቆዳ እንድትቆጥር ስለተላከችው ሐኪም

ለተከበሩ የሥጋ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ወንበርዎም፣ ማኅተምዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የስልክዎ ጤና ያሳስበኛል፤ ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ሙሉ ሲጠራ ውሎ ስላልተነሣ፣ ምን አገኘው ብለን የሕንጻችን ነዋሪዎች በሙሉ ተጨንቀን ነበር።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ከሌሎች አሥራ ሦስት ቤተሰቦች ጋር እኖራለሁ። እርስዎ የሚያውቁን «ሕገወጥ የሥጋ ዝውውር» በሚል ርእስ ሥር ስለሆነ፣ ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

ከስድስት ወር በፊት ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከገበያ በገዙት ሥጋ ተመርዘው ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ። ሥጋው የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ነበረበት፤ ከየት እንደመጣ ግን ሻጩ አያውቅም፣ ማኅተሙም አይናገርም። ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ «ከእንግዲህ ከብቱን ቆሞ ሳላየው ሥጋውን አልቀምስም» አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን ደረጃውን በዝግታ እየወጡ የሁላችንንም በር አንኳኩና ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የከብት እርባታ ይዘውን ሄዱ።

እርባታው ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታስተዳድረው የአንዲት ሴት ነው። የትኛው ከብት መቼ እንደተከተበ፣ ምን ታሞ በምን እንደዳነ በደብተር ይዛለች፤ ጠባያቸውን ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለት ሰንጋ መረጥን። ሰንጋዎቹ ቄራ ታረዱ፣ የቄራው ሐኪም መረመራቸው፣ ሥጋው ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሹፌር በሚነዳው ማቀዝቀዣ መኪና ተጫነ። እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ሥራዬ የሙቀት መለኪያውን መጠበቅ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኬላዎ ስንደርስ መለኪያው ሁለት ዲግሪ ይላል።

እንግዲህ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር ይኸው፦

፩ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ። ተቆጣጣሪዎ ወረቀታችንን ገልብጦ አየና «ገዢ» ከሚለው ፊት ለፊት የሥጋ ቤት ስም ስላጣ፣ ገዢው ማነው ሲል ጠየቀኝ።

«እኛ» አልኩት።

«እኛ የሚባል ድርጅት የለም።»

«ድርጅት አይደለንም፤ ጎረቤታሞች ነን።»

«ቅጹ ላይ ለጎረቤት የሚሆን ቦታ የለም።»

እውነቱን ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ የለም። ወደ እርስዎ ደወለ፣ አልተነሣም። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገረችውና መኪናው እርስዎ እስኪገኙ ይቁም ተባለ። የስብሰባው ርእስ «ቀልጣፋ አገልግሎት» እንደነበር በማግስቱ በራፍዎ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ስላነበብኩ፣ ስለ ድካምዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ጸጥታ ወዳድነትዎ። በመመሪያዎ መሠረት ኬላ ላይ የቆመ መኪና ሞተር አያስነሣም። የመኪናው ማቀዝቀዣ ደግሞ የሚሠራው በሞተሩ ነው። ይህን ለተቆጣጣሪው ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ጊዜ ከበፊቱ በለዘበ ቃል አስረዳሁት። ጥላ በሌለበት አስፋልት ላይ ቆመን መለኪያው አራት አለ፤ ቆይቶ አምስት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ስሠራ ሰባትን ያለፈ ሥጋ ተመልሶ ሲድን አላየሁም።  መለኪያው አምስት ተኩል ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ ከኬላው ጀርባ ካለችው ጠባብ ክፍል አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ወጣች። መለኪያውን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያም ለሹፌሩ «አስነሣው» አለችው። ለተቆጣጣሪው ደግሞ «ከተጠየቀ እኔ ልጠየቅ» አለች። 

፫ኛ. ስለ ጉርብትናችን። መኪናችን ቆሞ ለመዋል አልተሰናዳም ነበርና ስድስት ሰዓት ላይ ናፍጣው ሊያልቅ ሆነ። ወደ ቤት ደወልኩ። መጀመሪያ የደረሰችው አዋላጇ ጎረቤታችን ናት፤ ከሥራዋ በቀጥታ፣ ነጭ ጫማዋን እንዳደረገች፣ በታክሲ ጀሪካን ታቅፋ መጣች። ልብስ ሰፊው ከነአማቹ ተከተለ። በመጨረሻ ጋሼ፣ ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችሉ፣ በሁለት የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ናፍጣ ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ። ለዓመታት ደረጃ ላይ ራስ ነቅንቀን ከመተላለፍ በቀር የማንተዋወቅ ሰዎች፣ በአንድ ቀን ናፍጣ እየተቀባበልን እንድንዋደድ ስላደረጉን ውለታዎ አለብን።

፬ኛ. ስለ ቆራጥነትዎ። አሥር ሰዓት ላይ ስልክዎ ዳነ። ከሰባት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ያገኘነው መልስ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ይቀበር»። ሁለት ሠራተኞች ከኬላው ጀርባ መቆፈር ጀመሩ። የአካፋው ድምፅ ይሰማል። አዋላጇ የጋሼን ክንድ ይዛ ነበር፤ ማን ማንን እንደደገፈ አላውቅም።

ሐኪሟ ጋዋኗን ለበሰች፣ የመኪናውን የኋላ በር አስከፈተችና ገባች። እያንዳንዱን ብልት በጣቷ ተጫነች፣ አሸተተች፣ መለኪያዋን ታፋው ውስጥ ሰክታ ጠበቀች። ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ሲደርስ እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር። ስትወርድ ተቆጣጣሪው «ትእዛዝ ነው፣ ዶክተር» አላት፤ እንደሚለምን ሰው ነበር ያለው።

«እኔ የተማርኩት የታመመ ሥጋ እንድቀብር ነው» አለችው። «ይሄ ጤነኛ ነው።»

«ለምግብነት ተስማሚ» ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ የኬላውን አግዳሚ ብረት የሚያነሣላት ስታጣ ራሷ ሄዳ አነሣችው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ተቆጣጣሪዎ ወረቀቱን ይዞ እኛን ለቀቀን። ሳይመሽ ቤታችን ገባን፣ በልተንም የታመመ የለም። ጋሼ እንኳ ደግመው ጨምሩልኝ ብለዋል።

፭ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀብኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሟን «ለሥራው ቅልጥፍና» ሲሉ ወደ ቆዳ መጋዘን አዛወሯት። ልጠይቃት ሄጄ ነበር። መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ ጨው በተነሰነሰበት ቆዳ ክምር መሃል ቆማ ትቆጥራለች። በኛ ምክንያት ለደረሰባት ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ኬላው ላይ በኔ ቦታ ማን ተመደበ?» አለችኝ።

መንገዴ ላይ ጠይቄ ስለነበር ማንም እንዳልተመደበ ነገርኳት። እጇ ቆዳው ላይ እንዳለ ቆመ። ስንት እንደደረሰች የጠፋባት መሰለኝ።

«ታዲያ ሥጋውን ማን እያየው ነው?»

ክቡር ኃላፊ፣ መልሱን እኔ አላውቀውም። በየቀኑ በዚያ ኬላ ለከተማው ሁሉ የሚሄድ ሥጋ ያልፋል፤ ወረቀቱ የተሟላ ነው፣ «ገዢ» ከሚለው ፊት ለፊትም የሥጋ ቤት ስም አለው። የጠባቧ ክፍል በር ግን እንደተቆለፈ ነው። እኛ ሰንጋዎቻችንን ቆመው አይተናቸዋል። የሌላው ሰው እራት ያሳስበኛል፤ የእርስዎም ጭምር። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐኪሟን ወደ ቦታዋ ይመልሱልን። ከተማው እስከዚያ ማኅተምዎን አምኖ ይበላል።

ለሰጡን ትምህርት፣ ላስተማሩን ትዕግሥት፣ ላሳዩን ፀሐይም ጭምር እጅ እየነሣሁ፣ ከነሙሉ አክብሮቴ፣

ትእዛዝዎን ቆሞ ያዳመጠ፣
ፍሪጅ ጠጋኙ፣ ከአሥራ ሦስቱ ጎረቤቶቹ ጋር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለሕዝብ ከማውጣቴ በፊት በወጉ በመዝገብ ቤትዎ በኩል እንዲደርስዎ አስገብቼው ነበር። ሳይከፈት ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ፣ በሦስተኛው ቀን ቅጂው ሲሰጠኝ ከሥሩ የነበሩት አሥራ አራት ፊርማዎች ሃያ ሦስት ሆነዋል። ዘጠኙን አላውቃቸውም። እርስዎ ግን ሳያውቋቸው አይቀሩም፤ በየማለዳው ሥራ ሲገቡ ስማቸውን የሚፈርሙት እርስዎ ቢሮ በር ላይ ባለው የሠራተኞች መዝገብ ነው።