ሴድሪክ ትሪ የተሸከመበት ሳምንት

ለማልጠግብሽ እህቴ ለሂልዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ያ ዝናብ ሲመጣ የሚያስነክስሽ ሕመም እዚሁ ቀረ ወይስ ኒውዚላንድ ድረስ ተከተለሽ? የባልሽ የክላይቭ ሳልስ? በጎቻችሁስ ደህና ወለዱ? እኔ ከጉሮሮዬ በቀር ደህና ነኝ። እሱንም የጎዳው ሳቅ ነው። ሻይሽን ቅጂና ተቀመጪ፤ ልንገርሽ።

ሴድሪክ ሃርግሪቭን ታስታውሺዋለሽ? ያ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛው፣ የሞርካም ከተማ ቲያትር ቤት አዘጋጅም ዋና ተዋናይም የነበረው፤ ከመሄድሽ በፊት ስለ እሱ አውርቼ የማልጠግበው! በየሰኞው አዲስ ተውኔት የምናወጣበት ዘመን ነበር፤ ማታ አንዱን እንጫወታለን፣ ጠዋት የሚቀጥለውን እናጠናለን። የመጀመሪያዬን ዋና ሴት ልጫወት ነው ብዬ ለእማማ ጻፍኩላት። አንቺ ያኔ መርከብ ላይ ነበርሽ። እማማ የእሑድ ባርኔጣዋን አድርጋ ከሃሊፋክስ በአውቶቡስ መጣች፤ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሴድሪክ ቦታዬን ለወዳጁ ሰጥቶ እኔን አንድ ቃል የማትናገር ገረድ አደረገኝ። ለምን ብለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ኖራ፣ የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ ፊት እኮ ትሪ ለመሸከም የተፈጠረ ነው» አለኝ።

እማማ ሲያልቅ እጄን ይዛ «ትሪውን ግን አንዴም አላንቀጫቀጭሽውም» አለችኝ። እስከ ዛሬ ይህን ላንቺ አልነገርኩሽም። በዚያው ክረምት ሞተች፣ መድረክ ላይ ስናገር ሳትሰማኝ።

ከዚያ ወዲህ ያልሆንኩት ምን አለ? ንግሥት ሆኜ ዘውድ ደፍቻለሁ፤ በፊልም ሦስት ባል መርዣለሁ፤ በገና በዓል ተውኔት ሱሪ ታጥቄ ጎረምሳ ሆኛለሁ፤ በቴሌቪዥን መነኩሲት ሆኜ ስወጣ አንዲት ሴትዮ ገበያ መሀል ባርኪኝ ብላኛለች። ሴድሪክን ግን ከሆዴ አላወጣሁትም።

ዘንድሮ የአንዲት ባላባት ሴት ተውኔት ተጫወቺልን ብለው ሲለምኑኝ፣ ትሪ ይዞ የሚገባው አሳላፊ ሴድሪክ ይሁን አልኩ። ሥራ ካጣ ሦስት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ ጉንጬን ስሞ «የድሮ ሰው አለመርሳትን ካንቺ እንማር» አለኝ። እኔም «ትሪው እዚያ ማዶ ነው፣ ጌታዬ» አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጆሮው እንደደከመ ደረስኩበት። ለማንም አልተናገረም፤ የማይሰማ ተዋናይ ማን ይቀጥራል? ተራው መድረሱን የሚያውቀው ከንፈሬን እያየ ነው። ቃሉ ለጠፋበት ተዋናይ የምታቀብለው ሚስ ፕሪንግል ከመጋረጃው ጀርባ ብትጮህለትም አይሰማትም። ዝም አልኩ፤ ቀኑን ጠበቅኩ።

በሁለተኛው ክፍል ልጄ በጦር ሜዳ መሞቱን የሚናገር ቴሌግራም በትሪ ያመጣልኛል። «ከማን ነው?» እለዋለሁ። «ከልጅዎ አዛዥ ነው፣ እመቤቴ» ይላል። ማክሰኞ፣ በመክፈቻው፣ ከንፈሬን እንዳያይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና ጥያቄውን ለመስታወቱ ተናገርኩ። ጸጥ። ሚስ ፕሪንግል ሦስት ጊዜ ነገረችው። ጸጥ። ከዚያ ትሪው ይንቀጫቀጭ ጀመር። ሂልዳ፣ እንደዚያ የጣመኝ ድምፅ የለም!

ምን ዋጋ አለው፣ ከአዳራሹ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። ቀጥሎ ሌላዋ። ሰውዬው በሐዘን አፉ የተያዘ መሰላቸው! በመጨረሻ ዘወር ስል፣ ቃሉን በተሰበረ ድምፅ አወጣው፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በማግስቱ ጋዜጣው ስለ ሃርግሪቭ ዝምታ ግማሽ ገጽ ጻፈ። ስለ እኔ «እንደ ወትሮዋ ጥሩ ናት»። እንደ ወትሮዋ!

ረቡዕ አበባ ይዞ መልበሻ ክፍሌ መጣ። «ኖራዬ፣ ያቺ ወደ መስኮት መዞርሽ እንዴት ያለች ብልሃት ናት! በየማታው አድርጊልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ መድረክ ላይ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ጠየቅኩት። የኖረበት ልማድ ነውና አፉ ሳያስበው በጊዜው መለሰ። ማንም አላለቀሰም፤ አንድ ሰው ብቻ አሳለ። ሐሙስ ሆን ብሎ ዝም ለማለት ሞከረ። ከላይ ከርካሹ ወንበር አንዱ «አባባ፣ ይናገሩ እንጂ፣ የመጨረሻው ባቡር ሊያመልጠን ነው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ትናንት መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ባዶ እጁን መጣ። «ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ፊቴን ወደ መብራቱ አዙሬ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጠው ቀስ ብዬ፣ ስለ እማማ ባርኔጣ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ክረምቱ ነገርኩት። «ስንቷን ገረድ አድርጌያለሁ፣ ኖራ፤ እውነት አላስታውስም» አለ። እኔም «ግድ የለም። እስከ ፋሲካ ወንበሩ ሁሉ ተሽጧል፤ በሳምንት ስምንት ጊዜ መድረክ ላይ እንድታስታውስ አደርግሃለሁ» አልኩት።

ክፉ ሆንሽ አትበይኝ፤ ብትዪኝም አልቀየምሽም። ክላይቭን ሳሉን እንዲታከም ንገሪልኝ። ልጆችሽን፣ ሮዌናን ከነፍቅረኛዋ፣ ትንሹን ፐርሲን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽንም ጆሯቸው ከሰማልሽ ሰላም በይልኝ።

እህትሽ ኖራ
ለንደን፣ እሑድ ኖቬምበር 7 ቀን 1971