ሜዳው ሙሉ «ኦል!»

አምቦ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.

ውድ ሲስተር ሮማነወርቅ፣

ጎሬ ደኅና ገባሽ? ዝናቡ እንዴት ይዞሻል? እኔ የምሥራች ይዤ ነው የምጽፍልሽ፦ ዘለልኩ! ሰማሽ? የእንጭኒ መምህራንን በመረብ ኳስ ረታናቸው። እኔ ጌጤነሽ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ዘለልኩ፤ ጠብ ያለች ነገር የለችም!

ክሊኒክሽ ስመጣ ምን እንደነበርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። ሦስተኛዋን ከወለድኩ ወዲህ ሳስነጥስ ሽንቴ ያመልጠኛል፣ ስስቅ ያመልጠኛል፣ ስዘልማ ተይው። ከትምህርት ቤታችን ቡድን እንደኔ የምትመታ አልነበረችም፤ ግን «ጉልበቴን አሞኝ ነው» እያልኩ ዳር ተቀምጬ ማጨብጨብ ሆነ ሥራዬ። ሞቱማ፣ የዋሁ ባሌ፣ ጉልበቴን በቅቤ ሲያሸኝ ሳቄ መጥቶ እንዳያዋርደኝ ትራስ እነክስ ነበር።

ደግሞ መቀነቴ! ሁሉን ይዞ የሚያቆምልኝ መስሎኝ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አጥብቄው ነበር የመጣሁት። «ውይ ጌጤ፣ የሞላ ጆንያ ወገቡን ቢያስሩት ታቹ አይደል የሚወጠረው?» ብለሽ ፈታሽልኝ። ከዚያ አስረዳሽኝ፦ ዳሌ አጥንት መሃል እንደ አልጋ ጠፍር የተዘረጋ ጡንቻ አለ፤ ፊኛውንም ማሕፀኑንም የሚሸከም እሱ ነው። የሆድ ጡንቻ ደግሞ ጓደኛው ነው። የታቹ ሲሳብ ሆድም ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ትንፋሽ ሲወጣ አብረው ይነሣሉ፣ ሲገባ አብረው ይላላሉ። «ጠፍር ቢረግብ አልጋ ይጣላል እንዴ? ይወጠራል እንጂ!» አልሽኝ። እኔ እኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

መማሩስ ቀላል መሰለሽ! «ሳቢ» ስትዪኝ ትንፋሼን ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ወደ ታች ገፋሁ። ምን ላድርግ፣ እንደዚያ ተጋድሜ የሰማሁት ቃል፣ በምጥ ጊዜ፣ «አምጪ! አምጪ!» ብቻ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ አራተኛ ልትወልጂብኝ ነው?» ብለሽ ጮኽሽብኝ። አማርኛው አልሠራ ሲልሽ ከጥቂቷ ኦሮምኛሽ አንዷን መዘዝሽ፦ «ኦል! ወደ ላይ! ኦል!» እጄን ከእምብርቴ በታች አስቀመጥሽው። «እፍ» አልኩ፣ ሽንቱን እንደሚይዝ ሰው ከታች ሳብኩ፣ ሆዴም ከእጄ ሥር ሸሸ። የእናቴ ቋንቋ በጎጃሜ አፍ መጥቶ ገባኝ፣ ጉድ እኮ ነው!

ከዚያ ወዲያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኦል፣ እንስራ ሳነሣ ኦል፣ ልጅ ስታቀፍ ኦል። አንቺ ስትዛወሪ ማስነጠሱን ብቻ ነበር ያሸነፍኩት።

ከጥምቀት ወዲህ በነበረው ውድድር እንጭኒዎች ሲመሩን ዳይሬክተራችን ኦቦ ዲንሳ ወደኔ ዞረ። «ጌጤነሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» «ድኗል» አልኩና መቀነቴን ፈትቼ ከተመልካቹ መሃል ለቆመው ለሞቱማ ወረወርኩለት። «አብደሻል እንዴ?» አለ። እዚያ መሃል ካመለጠኝ በዚህች ከተማ ቀና ብዬ አልሄድም። ኳሷ ተነሣችልኝ። እግሬ መሬት ሳይለቅ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ «ኦል!» ትንፋሼ ወጣ፣ ታቹ ተሳበ፣ ሆዴ ገባ፤ ዘልዬ መታሁ። ደረቅ! ደገምኩ። ደረቅ! ተማሪዎቹ መፈክር መሰላቸው መሰለኝ፣ በየዝላዬ ሜዳው ሙሉ «ኦል!» ይል ጀመር። ኦቦ ዲንሳም ጡጫውን ጨብጦ «ኦል!» ምኑን ወደ ላይ ሳቡ እያለ እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ!

ቤት ስንገባ ለሞቱማ እውነቱን ነገርኩት። የቅቤውን ቅል አነሣና «ታዲያ ያ ሁሉ ቅቤ?» አለኝ። ሳቅሁ ሲስተርዬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ፤ የመጣውም እንባዬ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ ጉዴ መጣች፤ ለሞቱማ የነገርኩትን በግድግዳው ሰምታ ኖሯል። አምስት ወልዳለች። «ንጹሕ አይደለሁም» እያለች ቤተ ክርስቲያን ከአጥር ውጭ ነበር የምትሳለመው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀናት አናውቅም። ደጃፌ ላይ ቆማ «አንቺ፣ እኔም እኮ...» ብላ ቀረች። እጇን ይዤ አስገባኋት፣ መቀነቷን ፈታሁላት። ይኸው ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አብረን ነን። ሙሉ በሙሉ ገና አልዳነችም፤ ግን መያዝ ጀምራለች።

ትናንት ጉዴ አጥሩን አልፋ ገባች። ከመሃላችን ቆማ አስቀደሰች። እልልታዋን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

በአምቦ ጎዳና ቀና ብላ የምትሄደው፣
ጌጤነሽ