በጋሼ ኑሪ ስልክ ውስጥ የቀረው ማንነቴ

ለተከበሩ የገበያ መደቦች ኦንላይን አገልግሎት ጽሕፈት ቤት
የአካውንት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ እረፍት የማያውቀው ሲስተምዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ማለትም ጎረቤቶቼ ደህና ነሽ ይሉኛል። ራሴ እንዳልመሰክር፣ ሀምዲያ ኢምራን መሆኔን ክፍልዎ እስካሁን ስላላረጋገጠልኝ፣ ስለ እርሷ ጤንነት አፌን ሞልቼ መናገር ይከብደኛል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር አስቤ አይደለም። በአካውንቴ እንዳልጽፍልዎ አካውንቴ አይከፈትም። እንዳልደውል፣ ስልካችሁን የምታነሳው ጨዋ ልጅ ቅሬታ ያለው ሰው አካውንቱን ከፍቶ በዚያ ያቅርብ ትላለች። በአካል እንዳልመጣ፣ በር ላይ ያሉት ጥበቃ ቀጠሮ ይጠይቁኛል፣ ቀጠሮ የሚያዘው ደግሞ በአካውንት ነው። ይህን ያህል ቀዳዳ የሌለው አሠራር በመዘርጋትዎ፣ ለሱቃቸው አስተማማኝ በር አሠርተው የማያውቁ የመርካቶ ነጋዴዎች ሁሉ ይቀኑብዎታል።

ጉዳዬ አጭር ነው። በርበሬ በረንዳ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርበሬ የሸጥኩበት መደብ የእኔ መሆኑን፣ እስከ ፊታችን ዓርብ አካውንቴ ውስጥ ገብቼ «አረጋግጣለሁ» የምትለውን ምልክት ካልተጫንኩ፣ መደቡ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ለመጫን ጣቴ ደህና ነው፤ ምልክቷ ዘንድ መድረሱ ነው ያቃተኝ። በመንገዴ ላይ የተደረገልኝን ቸርነት በተራ ቁጥር ላቅርብልዎ።

አንደኛ፣ አካውንቴን ለመክፈት በስልክ ስለሚላከው ኮድ።

በረድፋችን አሥራ አራት ነጋዴዎች ነን። የአሥራ አራታችን ተለዋጭ ቁልፍ የሚቀመጠው ከረድፋችን ትይዩ ሱቅ ባላቸው በጋሼ ኑሪ ዘንድ ነው። ከአገር ቤት የሚደወልልን በእሳቸው ስልክ ነው፣ የታመመና የወለደ የሚነገረውም ለእሳቸው ነው፤ ሰው ሲፈለግ በራቸው ላይ ቆመው አንዴ ከተጣሩ አብነት ሰፈር ድረስ ይሰማል። ስለዚህ አምና መዝጋቢዎቻችሁ መጥተው ሁልጊዜ የሚገኙበትን ስልክ ቁጥር ይስጡ ሲሉን፣ አሥራ አራታችንም ሳናመነታ የጋሼ ኑሪን ቁጥር ሰጠን። የየራሳችን ስልክ ጠፍቶ አይደለም። የእኔ ስልክ ዛላ ስቀነጥስ ጆንያ ሥር ይቀራል፣ የጎረቤቴ የእትዬ ሸዋርካብሽ ስልክ ደግሞ ኮረሪማ መሀል ገብቶ ከገዢ ጋር የሄደበት ጊዜ አለ። ሁልጊዜ የሚገኝ ሲባል በረድፋችን የሚታወቀው ስልክ አንድ ብቻ ነው። ለተጠየቅነው በትክክል እንደመለስን አሁንም አምናለሁ። ሲስተምዎም ቢሆን ያኔ ቅር አላለውም፤ አሥራ አራት ጊዜ እንኳን ደስ አለዎት ብሎናል።

ክቡር ሆይ፣ ጋሼ ኑሪ በዕድሜያቸው ሙሉ ከበራቸው ርቀው የማያውቁ ሰው፣ ባለፈው ሳምንት የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ወሎ ሄዱ። ስልካቸው፣ ማለትም የአሥራ አራታችን ማንነት፣ አብሮ በኪሳቸው ሄደ። የሄዱበት መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ሲወጡ ብቻ ነው። እንግዲህ አሠራራችን ይህን ይመስላል፦ በቀጠሯችን መሠረት ከዙሁር ሶላት በኋላ እኔ እዚህ «ኮድ ላክ» የሚለውን እጫናለሁ፤ የሰባ አንድ ዓመቱ ጋሼ ኑሪ እዚያ የሠርግ ልብሳቸውን ሰብስበው ኮረብታው ላይ ይቆማሉ፤ ኮዱ ሲገባ መነጽራቸውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ይደውሉልኛል። እንደ ጨዋ ሰው የእኔን፣ የልጆቼን፣ የረድፉን ሁሉ ደህንነት ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ስንደርስ የሰጣችሁን ሁለት ደቂቃ አልቋል። ሰላምታቸውን እንዲያሳጥሩ ልንነግራቸው ተማክረን ነበር፤ ደፍሮ የሚነግራቸው ግን ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ኮረብታው ላይ መሆናቸውን ስንሰማ አሥራ አራታችንም በአንዴ ተጫንን። አሥራ አራት ኮድ ተከታትሎ ገባላቸው፤ አንዱም የማን እንደሆነ አይናገርም። ጋሼ ኑሪ ፍርድ አዋቂ ሰው ስለሆኑ ኮዶቹን በዕድሜ ቅደም ተከተል አደሉን። በዚህ ፍትሐዊ ክፍፍል የተነሳ፣ እርስ በርስ እየተለዋወጥን ስንሞክር፣ ሁላችንም ሦስት ሦስት ጊዜ ተሳስተን ለሃያ አራት ሰዓት ታገድን።

ሁለተኛ፣ ቁጥር ስለ መቀየር። ይህቺ አጭር ናት። እገዳዬ ሲነሳ የጋሼ ኑሪን ቁጥር በራሴ ቁጥር ልቀይር ብዬ ጠየቅሁ። ሲስተምዎ ሐሳቤን በደስታ ተቀብሎ፣ ለማረጋገጥ ያህል ወደ ቀድሞው ቁጥር ኮድ ልኬያለሁ አለኝ። ጋሼ ኑሪ እንደገና ኮረብታውን ወጡ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊቴ።

ኮድ ያልደረሰው ሰው በፊቱ ይግባ ብላችሁ ሌላ በር ስለከፈታችሁልን ምስጋናዬ ከልብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ንጹህ ሒጃብ አድርጌ፣ አብነት ያለው የሙራድ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። ቀኝ ዙሪ አለኝ፣ ዞርኩ። ፈገግ በይ አለኝ፣ ለመንግሥት ሥራ ይበቃል ያልኩትን ያህል ፈገግ አልኩ። ሲስተምዎ ይህ ፊት ከተመዘገበው ፊት ጋር አይመሳሰልም ሲል መለሰ። ሙራድ የተመዘገበውን ፎቶ አውጥቶ ሲያሳየኝ ነገሩ ገባኝ። መዝጋቢዎቻችሁ አምና ያነሱን መደባችን ላይ፣ ያውም ረድፉ ሁሉ በርበሬ በሚነፋበት ሰዓት ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ አንድ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ሌላው ቲማቲም መስሏል፣ አፏም ሊያስነጥሳት ተከፍቷል። እኔ ነኝ ብላ ብትመጣ ወላጅ እናቴ በር አትከፍትላትም።

ምን ይደረግ፣ እርሷን ለመምሰል ወደ መደቤ ተመለስኩ። ሙራድ ሱቁን ዘግቶ ስልክ ይዞ ተከተለኝ፤ እትዬ ሸዋርካብሽም የጎረቤት ወጉ ነው ብላ አንድ ወንፊት ሚጥሚጣ አፍንጫዬ ሥር ነፋችልኝ። አለቀስኩ። አስነጠስኩ። ሦስተኛው ማስነጠስ መሀል ላይ ሲስተምዎ ወዲያው አወቀኝ፤ ዘጠና ሰባት በመቶ እርስዎ ነዎት አለኝ። ረድፉ በእልልታ ተናጋ፣ ሙራድም እያስነጠሰ እጄን ጨበጠኝ። እንባዬን ጠርጌ ቀጣዩን መስመር ሳነብ፣ ለመጨረሻ ማረጋገጫ ኮድ ወደ ስልክዎ ልከናል ይላል።

የትኛው ስልክ እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ያን ሰዓት ጋሼ ኑሪ ሙሽሪትን እየሸኙ ነበር።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፣ አድናቆት ነው።

ትናንት ሰኞ ባልደረባዎ አቶ ስንታየሁ ወደ ረድፋችን መጡ። ገና ከሩቁ እትዬ ሀምዲያ ብለው ተጣሩ። ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ፣ የልጄ የሩዋይዳ ፈተና እንዴት አለፈ አሉ። ከዚያ የክፍልዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ፤ የመደቡ ባለይዞታ ማንነት ሊረጋገጥ ባለመቻሉ የተሰጠ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይላል። ለአሥራ ሦስቱም ጎረቤቶቼ እንዲሁ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አደሉ። ወረቀቱን ለባለይዞታዋ ለማድረሳቸውም ማስረጃ ብለው አስፈረሙኝ፤ ስሜ አስቀድሞ በታይፕ ተጽፏል። መታወቂያ አልጠየቁኝም። ቀኝ ዙሪ አላሉኝም። ኮድ የሚባል ነገር ጭራሽ አልተነሳም። እኔ ማን እንደሆንኩ እንደማይታወቅ ለመንገር ሲሆን፣ ለካስ በደንብ እታወቃለሁ።

እዚህ ላይ ቀልዴን ላንድ አፍታ ላስቀምጠው። በዚያ መደብ ላይ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። ሌላ ቦታ የለኝም፣ ሌላ ሙያም አላውቅም። ወረቀቱን ስፈርም አልቅሻለሁ፤ በሚጥሚጣው አላሳብብም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ጋሼ ኑሪ ነገሩን ሰምተው የመልሱን ድግስ ጥለው ሐሙስ አውቶቡስ ተራ ይገባሉ። ዓርብ ጠዋት ስልኩንም እሳቸውንም መሀል አድርገን አሥራ አራታችንም ቢሮዎ እንመጣለን። እያንዳንዳችን ተራ በተራ እንጫናለን፤ ጋሼ ኑሪም ሰላምታቸውን አስቀድመው ስለሚጨርሱ ኮዱ አያልፍብንም። ሲስተምዎ ፊታችንን ልይ ካለም ቅር አይለንም፤ እትዬ ሸዋርካብሽ ለጥንቃቄ ወንፊቷን ትይዛለች። የቢሮዎን መስኮቶች ቀደም ብለው እንዲያስከፍቱ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው እንዳይመጡም በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ በር ለሌባ እንደተዘጋ፣ ለባለቤትም አንድ ቀን እንዲከፈት እየተመኘሁ፣

ከማይከፈት አካውንትና ከማይጠፋ አክብሮት ጋር፣
ሀምዲያ ኢምራን ናት ተብላ በጎረቤቶቿ የምትጠረጠር፣
የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ

ማስታወሻ፦ አቶ ስንታየሁ ማስጠንቀቂያውን ሰጥተውኝ ሲያበቁ፣ እንደ ወትሮው ለእርስዎ ቤት የሚሆን አምስት ኪሎ በርበሬ አዘዙኝ፤ አለቃዬ ከእትዬ ሀምዲያ እጅ ካልሆነ አይበሉም አሉ። እግዜር ይስጥልኝ። በርበሬው ተመዝኖ፣ ታሽጎ፣ ስምዎ ተጽፎበት ተቀምጧል። ሆኖም ለትክክለኛው ሰው መድረሱን እንዳረጋግጥ ባለ ስድስት አሐዝ ኮድ ልኬልዎታለሁ። የላክሁት ወደ ጋሼ ኑሪ ስልክ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይቆያል።