እግረ እርጥቧን ልጄን ነፍሰ ገዳይ ስላደረጉልኝ

ለተከበሩ አቶ ዋለ
የ«ጉም» ፊልም ሠሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናና ሰላም ከእርስዎና ከመላ ቤተሰብዎ አይለይ፤ እንቅልፍዎም የሰመረ ይሁን። እንቅልፍን ያነሣሁት በምክንያት ነው፣ እደርስበታለሁ። እኔ በፊልምዎ ውስጥ መንደር የፈጀችው የዘጠኝ ዓመቷ ፊርደውስ አባት ነኝ።

አስቀድሜ ላመስግን። ልጄ በከተማችን እግረ እርጥብ ትባል ነበር። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት እሷን ጠርቶ ደፉን ያስረግጣት ነበር። እርስዎም ቤታችን ድረስ የመጡት ትወና ትችል እንደሆነ ሊጠይቁ አልነበረም፤ የመጀመሪያ ፊልማችን እንዲቃናልን በእሷ እግር እንጀምር ብለው ነው። ጀመሩ። ተቃናም። ከወግዲና ከአቀስታ ሳይቀር በሚኒባስ እየመጡ አዩት። ስለዚህ ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ጉሙን አገሩ በነጻ ሰጠዎት። ደሙ የቀይ ሥር ውሃ ነው። ገዳዩን ግን ከእኔ ቤት ወሰዱ።

፪. ጎረቤታችን አቶ አራጌ። ልጄ በፊልሙ በዘነዘና የገደለቻቸው። ዘነዘናው ስፖንጅ መሆኑን ያውቃሉ፤ ቀለም የቀቡት ራሳቸው ናቸው። አሁን እሷን ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ። ሟች ገዳዩን ቢሸሽ አይፈረድበትም። የእኔን ሰላምታ ግን ከማዶ ሆነው ይመልሳሉ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው።

፫. የጨርቅ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሩቂያ በቅርቡ ሁለተኛ ሱቃቸውን ከፈቱ። ፊርደውስ ይጠሩኛል ብላ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ በራችን ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ለካ የሌላ ሰው ልጅ ጠርተው ኖሯል። ብጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ፣ «ወላሂ ፋሩቅ፣ ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አዲስ ሱቅ ነው» አሉኝ።

፬. በፊልምዎ ልጅቱ የምትገድለው ተኝታ ነው። ከእንቅልፏ ሳትነቃ ተነሥታ ትሄዳለች፤ ጠዋት ምንም አታስታውስም። ድንቅ ሐሳብ ነው። ሰሞኑን ፊርደውስ ፍራሿን አንጥፋ ስታበቃ፣ «አባዬ፣ ስተኛ በሩን ከውጭ ቆልፍብኝ» አለችኝ።

፭. አምስተኛም ነበረኝ። ጠፋኝ።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ በፊልሙ የሞታችሁ ሁሉ፣ በጉድጓድ የተቀበሩትን እርስዎን ጨምሮ፣ ፊልሙ በታየበት አዳራሽ በር ላይ ተሰብሰቡ። ደፉን እሷ ትርገጥ፣ እናንተ ተከተሏት። ከተማው ይይ። እኔ የምፈልገው ግን እሷ ዘወር ብላ እንድታያችሁ ነው፤ ሁላችሁም በእግራችሁ ቆማችሁ፣ እየተነፈሳችሁ።

ለጥበብ ባለዎት ፍቅር እጅ እየነሣሁ፣ ልጆቻችንን ለማስተዋወቅ ስለደከሙበት ድካም ፈጣሪ የሚገባዎትን ይክፈልዎ እያልኩ፣

ከሟቾችዎ ተርታ ገና ያልገባሁት አክባሪዎ
ፋሩቅ አሕመድኑር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለክፍል ሁለትም እንደሚፈልጓት መልእክትዎ ደርሶኛል፤ ኮርተንበታል። ታሪኩን እኔ ልስጥዎ። ልጅቱ ትተኛለች። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ማንም አይሞትም፣ ይነጋል። ተመልካች አይገኝለትም ብለው እንዳይሰጉ፤ እኔ በየሌሊቱ ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀምጬ እስኪነጋ እያየሁት ነው።