ዘጠኝ ወፍ የተቆጠረበት ጫካ

ይድረስ ለእታለሜ፦

እንዴት ናፍቀሽኛል መሰለሽ! እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደለን ያንቺ ሳቅ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ቅድሚያ ጥበቃ የሚያሻቸውን ጫካዎች እየለየ ስለሆነ ሰሞኑን እግሬ አርፎ አያውቅም። የሚመረጡት አምስት ብቻ ናቸው። ዕፅዋቱን ሌላ ባለሙያ ይመዘግባል፤ ወፎቹን ግን ቅጠሉ ስለሚሸፍናቸው እኔ በድምፃቸው እቆጥራለሁ።

የወንዙን ዳር ጫካ ታስታውሺዋለሽ? ዘንድሮ ዘጠኝ ዓይነት ብቻ አገኘሁበት። «ወፎቹ ጥለውት ሄደዋል» ብዬ ፈረምኩና ከዝርዝሩ ወጣ። ትናንት አዲሷ ባልደረባዬ እዚያው ቆማ ሃያ ሦስት ጻፈች። «ከኪስሽ ነው ያወጣሻቸው?» ብዬ ጮህኩባት። እጄን ይዛ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ጠቆመችኝ። አንዲት ትንሽ ወፍ ጉሮሮዋ እየተርገበገበ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ለእኔ ግን ጫካው ጭር እንዳለ ነው።

ዝርዝሩ ሐሙስ ይዘጋል። ላስተካክለው ብዬ ሦስት ጊዜ አለቃዬ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ ላስረዳው?

«ስልክ አታነሺም» ብለሽ አትቀየሚኝ፤ ደብዳቤ ይሻለኛል። ለመሆኑ አባባ ሬዲዮውን እንደዚያ ማስጮህ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

በይ፣ ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ሳቅሽን ሳይረፍድ ያሰማኝ።

ታናሽሽ