የአባታችን የቆዳ ሽርጥ

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ስለ ጤናህ እንኳ አልጠይቅህም፤ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ስለማይህ ጉንጭህ መሙላቱን አውቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። እኔ ግን የጻፍኩልህ ተናድጄ ነው።

ያለፈውን የቆፋሪዎች ጠባቂ የቅድስት በርባራን በዓል ታስታውሳለህ? ከሰል ቆፋሪዎቹ ባለላባ ቆባቸውን ደፍተው አዳራሹን ሞልተውት ነበር። ልጄ ቲሞን እንደ ከሰል ጉድጓዱ አዲስ ገቢዎች ሁሉ ቢራውን ይዞ ሽርጥ ዘልሎ ቆፋሪ የሚሆንበት ቀን ነበር። ነፍሱን ይማረውና አባታችን ከመሬት በታች ሲለብሰው የኖረውን የቆዳ ሽርጥ ከሣጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዱን ጫፍ ሽማግሌው አሎይስ ያዘ። ሌላውን አንተ፣ የተከበሩ የምክር ቤት አባል፣ ያዝከው።

ልጁ ከመዝለሉ በፊት ጠየቀህ። ግዲንያ፣ ባሕሩ ዳር፣ የንፋስ ኃይል ማማ ጥገና እንዲማር ተቀብለውት ነበር። «አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለህ። «ምን ልትሠራ? ከሰሉ ለልጅ ልጆችህም ይተርፋል፤ ዝለል!» አልከው። ዘለለ። በማግስቱ ግዲንያ ደውሎ አልመጣም አላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ዋርሶ ላይ የውጭ እንግዶች ፊት ቆመህ «ከሰል አብቅቶለታል፤ ለሕዝባችንም ሳንደብቅ ነግረናል» አልክ። ለማን ነው የነገርከው? ለፋሲካ እዚህ ካቶቪሴ መጥተህ ደግሞ፣ ዓይንህን በጨው ታጥበህ፣ «አንድም ጉድጓድ አይዘጋም» አልክ። በበጋው ጋዜጠኛዋ ስታፋጥጥህ «ይዘጋል አላልኩም፤ ያርፋል ነው ያልኩት» አልካት። አሎይስ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እኔም ስሞት አልተዘጋም፣ አርፏል በሉ» ብሎ አሳቀን። ባንድ ራስ ሁለት ምላስ ሲባል እሰማ ነበር። ሦስት ያየሁት ካንተ ነው።

ጉድጓዳችን ከገና በኋላ ይዘጋል። መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል ብለው ቲሞንን አሰናብተውታል። ግዲንያ ደወለ። ቦታህ ያኔውኑ ተይዟል አሉት። አሁን ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

ባለፈው ሳምንት ሚስትህ ሊዲያ ደውላልኝ ነበር። ልጃችሁ ኦስካር ግዲንያ እየተማረ እንደሆነ፣ የንፋስ ማማው ላይ ወጥቶ የተነሳውን ፎቶ እንደምትልክልኝ በደስታ ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ ብላት፣ አምና ከበርባራ በዓል ማግስት፣ አባቱ አንድ ቦታ መለቀቁን ሰምቶለት ነው አለችኝ። ሊዲያ የዋህ ናት። እንኳን ደስ ያላችሁ አልኳት። ለቲሞን እስካሁን አልነገርኩትም።

ዘንድሮም ሽርጡን እይዛለሁ ብለህ ለቆፋሪዎቹ ማኅበር መልእክት ልከሃል አሉ። አትልፋ። ሣጥኑን ቆልፌዋለሁ።

ለገና ዋዜማ ግን ና፤ እናታችን ትጠብቅሃለች። ዓሣውም ሾርባውም እንደ ድሮው ይኖራል። የድሮ ወንበርህን ለቲሞን ሰጥቼዋለሁ። እንደ ወጋችን ለማናውቀው መንገደኛ የምናስቀምጠው ባዶ ሰሐን አለ፤ አንተ እዚያ ትቀመጣለህ።

ቅድስት በርባራ በወጣህበት ሁሉ ትጠብቅህ፤ ምላስህንም አንድ ታድርግልህ።

እህትህ